ያያችሁትን ንገሩን፦ ስለ ኮምፒውተር ብልሽትና ስለ ባልንጀራ እርዳታ



ባንክ ቤት ተሰልፋችሁ መስኮቱ ጋ ስትደርሱ «ሲስተም የለም» ተብላችሁ የማታውቁ ካላችሁ እጃችሁን አውጡ። አንድም እጅ አላየሁም። መብራት ስንከፍልም፣ መታወቂያ ስናሳድስም የምትጠብቀን ያችው ሁለት ቃል ናት። ተገልጋዩ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል፣ ጥበቃው ለአዛውንቶቹ ወንበር ያቀርባል፣ አንድ ወጣት በጓዳ በር ገብቶ ገመድ ይነቃቅላል። ቆየት ብሎ «መጣ!» ይባላል። ምን ሄዶ ምን እንደመጣ የሚጠይቅ የለም።

ከዚያች ሁለት ቃል ጀርባ ያለው ጉድ ግን ብዙ ዓይነት ነው። መስመር ተቋርጦ ይሆናል። የሰርቨሩ ዲስክ ሞልቶ አዲስ መዝገብ አልቀበልም ብሎ ይሆናል። ሁለት ሠራተኞች አንድ ሂሳብ በአንድ ጊዜ ከፍተው፣ ዳታቤዙ አንዱ እስኪጨርስ ሌላውን አስሮ ይዞ ይሆናል። ወይም ደግሞ የአንዷ ገንዘብ ከፋይ የይለፍ ቃል ጊዜው አልፎበት፣ እሷ ይህን ለአለቃዋ መናገር አፍራ ይሆናል። የእነዚህ መድኃኒት ለየቅል ነው፤ የሚጠራውም ሰው አንድ አይደለም። «ሲስተም የለም» ሲባል ግን ሁሉም አንድ መልክ ይይዛሉ። ጓዳ የገባው ልጅ ገመድ ቢነቃቅል አይፈረድበትም፤ ሌላ የተነገረው ነገር የለማ!

ብዙ ሰው ኮምፒውተሩ ሲበላሽ ወይም የጻፈው ፕሮግራም እምቢ ሲለው «አንድ አዋቂ ባገኝ» ይላል። አዋቂ ጥሩ ነው። እኔ ከምተዳደርበት ሥራ የተረዳሁት ግን ሌላ ነው፤ ብልሽት በአብዛኛው የሚገኘው ባለጉዳዩ በዓይኑ ያየውን ከራሱ ግምት ለይቶ ሲናገር ነው። ይህን ለብቻ ሆኖ መለየት ይከብዳል። የራሳችን ግምት ያየነው ነገር መስሎ ይታየናልና። ባልንጀራ የሚያስፈልገን እዚህ ላይ ነው፤ የግድ ከእኛ የበለጠ ማወቅ የለበትም፣ እኛ የገመትነውን ካልገመተ ይበቃል።

ይህ መረዳዳት በቴሌግራም ግሩፕ ዘመን የተጀመረ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1955 ሎስ አንጀለስ አካባቢ የአይቢኤምን ትልልቅ ኮምፒውተሮች የሚጠቀሙ ድርጅቶች ሼር የሚባል የተጠቃሚዎች ማኅበር አቋቋሙ። ከመሥራቾቹ መካከል አውሮፕላን ሠሪዎች ነበሩበት፤ በገበያ ላይ አንዱ የሌላውን ጉሮሮ የሚያንቅ ተፎካካሪዎች ማለት ነው። የእያንዳንዱ ፕሮግራመር ግን ያንኑ ፕሮግራም ከባዶ እየጻፈ፣ ያንኑ ስሕተት እየደገመ ጊዜና ገንዘብ ያባክን ነበር። ስለዚህ አውሮፕላኑን ደብቀው ፕሮግራሙን ተካፈሉ። ማኅበሩ ዛሬም አለ።

ከዚያው አገር ሌላ ታሪክ ልጨምር፤ በሙያው ሰዎች ዘንድ በጣም የታወቀ ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ትሬይ ሃሪስ የሚባል ባለሙያ በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ የኢሜይል ሥርዓቱን ይጠብቅ ነበር። አንድ ቀን የስታቲስቲክስ ትምህርት ክፍል ኃላፊ ደውለው «ከ500 ማይል በላይ ኢሜይል መላክ አልቻልንም» አሉት። 500 ማይል ወደ 800 ኪሎ ሜትር ነው። ኢሜይል ርቀት አያውቅም፤ ጎረቤት ላለው ቢሮም ባሕር ማዶ ላለውም ያው ነው። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ብዙዎቻችን ስልኩን አስቀምጠን እንስቅ ነበር።

ኃላፊው ግን የስታቲስቲክስ ሰው ናቸው። ወዲያው አልደወሉም፤ የክፍሉ ሰዎች ለቀናት መረጃ ሰብስበው፣ የት የት ደርሶ የት የት እንደቀረ በካርታ ላይ አስፍረው ነበር። ሃሪስ ራሱ ወደ ተለያዩ ከተሞች ቢሞክር እውነት ሆኖ አገኘው፤ ቅርቡ ይደርሳል፣ ሩቁ ይወድቃል። ኋላ ሲመረመር አንድ ባለሙያ ሰርቨሩን ሲያድስ የኢሜይል ፕሮግራሙን ሳያውቅ ወደ አሮጌ ዝርያ መልሶት ኖሯል። አሮጌው ዝርያ የአዲሱን የማስተካከያ ፋይል በቅጡ ማንበብ ስላልቻለ፣ የሌላውን ሰርቨር መልስ የሚጠብቅበት ጊዜ ዜሮ ሆነ። በዚያ ማሽን ላይ ዜሮ ማለት 3 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነበር። ብርሃን ደግሞ በዚህ ጊዜ የሚሄደው 900 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ማለትም ከ500 ማይል ጥቂት አለፍ የሚል። ምልክቱ ከዚያ ርቆ ሳይደርስ ሰርቨሩ ተስፋ ቆርጦ ይዘጋ ነበር።

በዚህ ታሪክ የምወደው ኃላፊው ስለ ኢሜይል ምንም አለማወቃቸውን ነው። ቢያውቁ ኖሮ «ይሄማ ሊሆን አይችልም» ብለው ርቀቱን ከአቤቱታቸው ያወጡት ነበር። ያን ቢያደርጉ ሃሪስ የተነገረው «ኢሜይል አንዳንዴ ይወድቃል» የሚል ብቻ ይሆን ነበር፤ ማለትም የእነሱ አገር «ሲስተም የለም»።

አሁን ወደ ሰፈራችን ልምጣ። ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር መዝገብ ሲሸጋገር ያየሁትን ልንገራችሁ። የተመዝጋቢው የልደት ቀን ይገባል፣ ፕሮግራሙ ይቀበላል፣ ካርድ ይታተማል። ከመቶ አንድ ሁለቱን ግን ፕሮግራሙ ይመልሳል። ፕሮግራሙን የጻፈው ወጣት ኮዱን ደጋግሞ ፈተሸ። በራሱ የልደት ቀን ሞከረ፣ ገባ። በእናቱ ሞከረ፣ ገባ። ስለዚህ «ጸሐፊዎቹ ቁጥር እያሳሳቱ ነው» ብሎ ደመደመ፤ ለአለቃውም እንደዚያው ጻፈ። ይህን በደንብ ያዙልኝ፤ ያየው ነገር «አንዳንዱ ቀን ይመለሳል» የሚል ነበር፣ የጻፈው ግን ግምቱን ነው።

መዝገብ ቤቱ ውስጥ ብዙ ዓመት የሠሩ አንዲት እናት ነበሩ። የተመለሱትን ቅጾች ለብቻ ያስቀምጡ ነበር፤ ማንም አላዘዛቸውም፣ የመዝገብ ቤት ሰው ልማድ ነው። አንድ ቀን ልጁን ጠሩት።

«አንተ ልጅ፣ ይኸ ማሽንህ የጥቅምት ልጅ አይወድም እንዴ?»

«ኧረ እትዬ፣ ማሽን ወር አይመርጥም» ብሎ ሳቀ።

«እንካ፣ አንተው እያቸው። ይኸ ክምር በሙሉ ጥቅምት 29 እና ጥቅምት 30 ነው። ያኛው ደግሞ ጳጉሜ ነው። ሌላ ወር የለበትም።»

ልጁ ቅጾቹን አገላብጦ ዝም አለ። ነገሩ ወዲያው ገብቶታል። ጥቅምት የእኛ ሁለተኛ ወር ነው። ፕሮግራሙ ቀኑን ሲያስቀምጥ «30/2» ብሎ ነው፤ ዳታቤዙ ደግሞ የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ስለሆነ ሁለተኛው ወር ለእሱ ፌብሩዋሪ ነው። ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን በዓለም ላይ የለም። ሌሎቹ የፈረንጅ ወሮች ሁሉ ቢያንስ 30 ቀን ስላላቸው የእኛን 30 ቀን ያለ ቅሬታ ይቀበላሉ። ጥቅምት 29 ላይማ ይባስ አስቂኝ ነው፤ ዓመቱ ለ4 ሲካፈል ያልፋል፣ ካልሆነ ይወድቃል። በጥቅምት 29 ቀን 1992 የተወለደ ይመዘገባል፤ ልክ በዓመቱ፣ ጥቅምት 29 ቀን 1993 የተወለደ ታናሹ አይመዘገብም። ጳጉሜ 13ኛ ወር ነውና ለዳታቤዙ ከነጭራሹ የለም።

እዚህ ላይ ለሙያው ሰዎች አንድ ነገር ጣል ላድርግ፣ ሌሎቻችሁ ታገሡኝ። ያ ዳታቤዝ ስሕተቱን ተናግሮ መመለሱ መታደል ነው። ማይኤስኪውኤል በቀድሞ አሠራሩ፣ ጥብቅ ቁጥጥሩ ካልተከፈተ፣ የማይሆን ቀን ሲገባለት በዝምታ 0000-00-00 ብሎ ያስቀምጥ ነበር። እንዲያ ቢሆን ኖሮ እነዚያ የተመለሱት ልጆች ሁሉ የልደት ቀናቸው ዜሮ ሆኖ ካርዳቸው ይታተም ነበር። ደግሞ ሌላ አለ፤ «ያለ ችግር» የገቡት መዝገቦችም ቢሆኑ ጤነኛ አልነበሩም። ኮምፒውተሩ የዛሬን ቀን በፈረንጅ ይቆጥራል፣ የልደት ዘመኑ ግን በእኛ ነው። ዕድሜ ሲያሰላ እያንዳንዱን ሰው 7 ወይም 8 ዓመት ያስረጀዋል። ማንም ስላልጮኸ ብቻ ማንም አላየውም። ያ የተመለሰ ክምር ባይኖር ኖሮ ትልቁ ስሕተት ማን ያውቃል መቼ ይገኝ ነበር።

እትዬ ፕሮግራም ጽፈው አያውቁም። ልጁ የማይችለውን ግን ይችሉ ነበር፤ ኮዱን ስለማያውቁ ለኮዱ አይከራከሩም። እሱ የሞከረው የሚያምነውን ቀን ነበር፤ እሳቸው የያዙት የወደቀውን።

ከዳታቤዝ ሳንወጣ ሌላ ላንሳ፤ ምናልባት እዚህ ካለነው ግማሾቻችን የደረሰብን ነው። «አማርኛ አልሠራ አለኝ» የሚል ጥያቄ። ይህ ጥያቄ ግሩፕ ላይ ሲወጣ መልሱ ይዘንባል፤ አንዱ ፓወር ግዕዝ ጫን ይላል፣ ሌላው ዊንዶውሱን ቀይር ይላል፣ ሦስተኛው «ኪቦርድህ ነው» ይላል። ሁሉም ከልባቸው ሊረዱ ነው የፈለጉት፤ ሁሉም የሚመልሱት ግን በየራሳቸው ለደረሰባቸው ችግር ነው። ጠያቂው ያየውን አልነገራቸውማ። ማያ ገጹ ላይ ያየው ከሦስቱ አንዱ ሊሆን ይችላል፤ ሦስቱም ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው።

ባዶ ሣጥን ሣጥን ከሆነ ምንም አልተበላሸም። ጽሑፉ ደህና ነው፤ ያን ማሽን የጎደለው የግዕዝ ፊደል ቅርጽ፣ ፎንት ነው። የድሮ ዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ ይህ የዘወትር ችግር ነበር፤ ቪስታ ኒያላ የሚባለውን ፎንት ይዞ ከመጣ ወዲህ ቀለል ብሏል።

ሁለተኛው ዝብርቅርቅ ነው፤ በአናቷ ላይ ጭረት ያለባት ትንሿ የላቲን «ኤ» ደጋግማ የምትታይበት። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዛሬ በብዛት በምንጠቀምበት ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ አንዱ ፊደላችን 3 ባይት ይይዛል። የመጀመሪያው ባይት ለዘወትር ፊደሎቻችን ሁሉ አንድ ነው። አንባቢው ፕሮግራም ጽሑፉን የላቲን መስሎት ባይት በባይት ሲያነብ፣ ያ የጋራ ባይት ጭረት ያለባትን «ኤ» ሆኖ ይወጣል። «አበበ» ብላችሁ ጽፋችሁ እንደሆነ ያቺን ፊደል ሦስት ጊዜ ትቆጥራላችሁ። ይህን ካያችሁ ደስ ይበላችሁ፤ ባይቱ ሁሉ በቦታው አለ፣ የተሳሳተው አነባበቡ ነው። የግንኙነቱን አጻጻፍ ማስተካከል ነው፤ ተመልሶ ይነበባል።

ሦስተኛው የጥያቄ ምልክት ነው። «አበበ» ያላችሁት «???» ሆኖ ይመጣል፤ ለአንድ ፊደል አንድ ምልክት። ይህ ክፉ ነው። ዳታቤዙ ፊደሉን የሚያስቀምጥበት ቦታ አጥቶ ጥሎታል፣ በምትኩም የጥያቄ ምልክት አኑሯል። ከዚያ ሠንጠረዥ ውስጥ የሚመለስ ነገር የለም። ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ የሚሠሩ ጀማሪዎች ይህን ደጋግመው ያዩታል፤ ዓምዱን በትክክል ለዩኒኮድ ያዘጋጁና፣ በትእዛዙ ውስጥ ግን ከጥቅሱ ፊት «ኤን» የምትለውን አንዲት የላቲን ፊደል ይረሳሉ። ያቺ ከሌለች ጽሑፉ ዓምዱ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ወደ ጥያቄ ምልክት ይቀየራል። ዓምዱን ሺህ ጊዜ ብትፈትሹ ደህና ነው፤ ጥፋቱ እዚያ አይደለም።

አያችሁ፣ ጠያቂው «ስም ሳስገባ ፊደሉ ልክ በቁጥሩ የጥያቄ ምልክት ይሆናል፤ ትእዛዙ ይኸውና» ቢል ኖሮ ነገሩን የሚያውቅ ማንም ሰው በአንድ መስመር ይመልስለት ነበር። ስክሪንሹቱ እንኳ ይበቃ ነበር። በተረፈ የ«ኃይሉ» እና የ«ሀይሉ» ጣጣ አለ፤ አንዱ ሰው በአንዱ «ሀ» ተመዝግቦ በሌላው ሲፈለግ «የለም» የሚባልበት። እሱ የራሱ ንግግር የሚፈልግ ሰፊ ጉዳይ ነውና እዘለዋለሁ።

ስለ ስክሪፕት አጠር አድርጌ ልለፍ። እዚህ የሚያስቸግረው ዓይን የማያየው ነገር ነው። ዊንዶውስ ላይ የጻፋችሁትን ስክሪፕት ሊነክስ ላይ ስታስነሱት «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» ይላችኋል፤ ፋይሉ ግን ፊት ለፊታችሁ ተቀምጧል! ሰው ማሽኑ የዋሸ ይመስለዋል። ማሽኑ አልዋሸም። ዊንዶውስ በየመስመሩ መጨረሻ አንድ የማትታይ ተጨማሪ ምልክት ያስቀምጣል፤ ሊነክስ የመጀመሪያውን መስመር ሲያነብ ያቺን ምልክት ከአስፈጻሚው ፕሮግራም ስም ጋር አጣብቆ ይወስዳትና፣ በዚያ ስም የሚጠራ ፕሮግራም ያጣል። የለም ያለው እሱን ነው እንጂ የእናንተን ፋይል አይደለም። አንድ ጓደኛ «የጻፍከው የት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ነገሩ ያልቃል። ለብቻችሁ ስትሆኑ ግን ይህን ጥያቄ ራሳችሁን አትጠይቁም፣ መልሱን ስለምታውቁት።

የእኛ አገር ልዩ ዝርያም አለ። ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እንዳለ ፓይተን ስትጽፉ፣ በፈረንጁ ሁለት ነጥብ ፋንታ የእኛ ሁለት ነጥብ «፡» ይገባል። በዓይን አይለዩም። አዳዲሶቹ የፓይተን ዝርያዎች የምልክቱን የዩኒኮድ ቁጥር 1361 ብለው ጠቅሰው ይህ ምልክት አይፈቀድም ይላሉ፤ ቁጥሩን ጉግል ላይ የፈለገ ወዲያው ያገኘዋል። ችግሩ ቀዩን ጽሑፍ የሚያነብ መጥፋቱ ነው። «ምን አለህ?» ስትሉት «ኤረር አለኝ» ይላል። «ምን የሚል ኤረር?» «እንጃ፣ ዘጋሁት።» ይህን ንግግር ያላደረገ የኮምፒውተር ሰው የለም።

የስሕተቱ ቦታ በማይታወቅበት ጊዜ ደግሞ እያጋመሱ መፈለግ ነው። 1,000 መስመር ያለው ፕሮግራም ቢሆን፣ ግማሹን ዝጉና አስነሱት፤ ስሕተቱ ከቀጠለ ባልተዘጋው ውስጥ ነው፣ ከጠፋ በተዘጋው። እንደገና አጋምሱ። በ10 ጊዜ አንድ መስመር ላይ ትደርሳላችሁ። ሰው ይህን አያደርግም፤ ጠረጠርኩ ያለውን መስመር አሥር ጊዜ ያነባል።

ወደ ሃርድዌሩ እንምጣ። እዚህ ብዙ የምለው አለኝ፣ የማልወደው ልማድ ስላለ። ልማዱ «ፎርማት ይደረግ» ይባላል። ኮምፒውተሩ ቢዘገይ ፎርማት፤ ድምፅ ቢያጣ ፎርማት፤ ፕሪንተር አልገናኝ ቢል ፎርማት። ከአልኮልና ከነጭ ሽንኩርት ቀጥሎ የሁሉ በሽታ መድኃኒት ተደርጎ ተይዟል። ገንዘብ ይከፈልበታል፣ ፎቶው ይጠፋል፣ ብልሽቱ ግን ብዙ ጊዜ እንዳለ ይቀራል።

አንድ ምሳሌ ብቻ። የቢሮ ኮምፒውተር ጠዋት ሲከፈት «ኢንተርኔት አይሠራም» ይባላል። አንዳንድ ድረ ገጽ ይከፈታል፣ የባንክና የኢሜይል ገጽ ግን በቀይ ማስጠንቀቂያ ይዘጋል። ባለሙያ ተጠራ፣ ፎርማት አደረገ፣ ሠራ። ሁሉም አመሰገነው። በማግስቱ ጠዋት ያው ችግር ተመለሰ። «ቫይረስ ነው፣ ከፍላሽ ነው የገባው» ተባለ፤ እንደገና ፎርማት።

በመጨረሻ ከጎን ክፍል የመጣች የሂሳብ ሠራተኛ «ውይ፣ ሰዓታችሁ ምን ሆኗል?» አለች። ከማያ ገጹ ጥግ ያለው ቀን ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሷል። ማዘርቦርዱ ላይ ሲአር2032 የምትባል የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ አለች፤ 20 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ ቁጥሯም ይህንኑ ነው የሚናገረው። ኮምፒውተሩ ከመብራት ሲነቀል ሰዓቱን የምትጠብቀው እሷ ናት። ተሰክቶ ለሚያድር ማሽን ብዙ ሥራ የለባትም፤ እዚያ ቢሮ ግን ማታ ማታ ስታቢላይዘሩ ከግድግዳ ይነቀላል፣ መብራትም በየጊዜው ይጠፋል። ባትሪዋ ሞታለች። ሰዓቱ ወደ ኋላ ሲመለስ የባንኩ ገጽ የሚያቀርበው የደኅንነት ሰርተፍኬት «ገና ያልተሰጠ» ሆኖ ይታያል፤ አሳሹም ሐሰተኛ ነው ብሎ ይዘጋዋል። ፎርማት ሲደረግ የሠራው ለምን ነበር? ዊንዶውስ ሲጫን ባለሙያው ቀኑን በእጁ ስላስተካከለ ነው። ሌላው ድካሙ ሁሉ በከንቱ ነበር። ባትሪዋ የምትሸጠው የግድግዳ ሰዓት ባትሪ በሚሸጥበት ሱቅ ነው።

በሃርድዌር ጊዜ ባልንጀራ የሚሰጠው ትልቁ ስጦታ ምክር አይደለም፣ ደህና መሆኑ የታወቀ ዕቃ ማዋስ ነው። ማሽኑ ቢጮህና ማያ ገጹ ቢጨልም፣ ሜሞሪውን ነቅሎ እግሩን በንጹሕ ላጲስ አሽቶ መመለስ የመጀመሪያው ነው፤ ካልሆነ ከጓደኛ ማሽን በዓይነቱ የሚገጥም ሜሞሪ ተውሶ መሞከር። ከሠራ ጥፋተኛው ተለየ። የአንድ ሰፈር ጠጋኞች የሚዋዋሱት አንድ ኬብል፣ አንድ ሜሞሪና አንድ ፓወር ሳፕላይ ካላቸው ከብዙ ግምት ይድናሉ። አደራ ግን፣ የተጠረጠረ ፓወር ሳፕላይ ወደ ደህናው ማሽን አይወሰድም፤ ደህናውንም ይዞት ሊሄድ ይችላል። የፓወር ሳፕላዩን ሣጥንም አትክፈቱት፤ ከመብራት ከተነቀለ በኋላም ውስጡ የሚገድል ኤሌክትሪክ ሊቆይ ይችላል።

ስለ አጠያየቅ ጥሩ አድርጎ የጻፈ ሰው አለ፤ ፑቲ የሚባለውን ፕሮግራም የሠራው እንግሊዛዊው ሳይመን ታተም። እ.ኤ.አ. በ1999 ስለ ብልሽት አነጋገር አንድ ጽሑፍ አወጣ፤ ፍሬ ነገሩ ፕሮግራመሮቹ ብልሽቱን በዓይናቸው እንዲያዩት አድርጉ፣ ካልተቻለም እነሱ ራሳቸው እንዲደግሙት የሚያስችል መንገድ ስጧቸው የሚል ነው። በዚያው ዓመት ሃንትና ቶማስ የተባሉ ሁለት ሰዎች ባወጡት የፕሮግራመሮች መጽሐፍ ውስጥ ደግሞ ኮዱን መስመር በመስመር ለላስቲክ ዳክዬ ስለሚያስረዳ ሰው ተጽፏል። አሻንጉሊቱ አይመልስም፤ ሰውየው ግን ሲያስረዳ ስሕተቱን ራሱ ያገኘዋል። ቀልድ ይመስላል፣ ይሠራል።

እኛ ዘንድ ግን ከዘዴው በፊት ይሉኝታ አለ። ጠያቂው አላዋቂ እንዳይባል የሞከረውን ግማሹን ይደብቃል፤ ነካክቶ ያበላሸውንማ ጭራሽ አይናገርም። ተጠያቂውም አላውቅም ማለት ነውር ስለሚመስለው ያልተረጋገጠ ነገር በሙሉ አፉ ይናገራል። እኔ «አላውቀውም፣ ግን አብረን እንየው» የሚል ሰው ካገኘሁ አሥር አዋቂ አልመኝም። አብሮ ሲያይም እጁን ከኪቦርዱ ላይ ያንሳ። ፈጣን ረዳት ከባለጉዳዩ ነጥቆ ሦስት አራት ነገር ባንዴ ይቀይራል፤ ማሽኑ ይሠራል፣ የትኛው እንዳዳነው ግን እሱም አያውቅም። በሚቀጥለው ወር ሲበላሽ ደግሞ ስልኩ ዝግ ነው።

አሁን አሁን ወጣቶቹ ሰው መጠየቅ ትተው ሰው ሠራሽ አስተውሎትን እየጠየቁ ነው። እኔም እጠይቃለሁ፤ ኤረሩን በሙሉ ለሚለጥፍለት ጠቃሚ ነው። «ዓምዱ ተበላሽቷል፣ እንዴት ላስተካክል?» ላለው ግን ዓምዱን ስለማስተካከል በትሕትና ሊያስተምረው ይችላል፤ ዓምዱ ደህና መሆኑን ለማወቅ ሠንጠረዡን ማየት ነበረበት። እትዬ ቅጹን ይዘው ነበር።

አንድ የማልደራደርበት ነገር አለ። እርዳታ ስትጠይቁ የሰው መዝገብ አትላኩ። ግሩፕ ላይ የታካሚ ስም፣ ስልክና የሂሳብ ቁጥር የያዘ ዳታቤዝ እንዳለ የሚለጠፍበት ጊዜ አለ፤ አንዳንዴም ከነይለፍ ቃሉ። ሦስት የፈጠራ መዝገብ ያለው ትንሽ ሠንጠረዥ ሥሩና ብልሽቱን እሱ ላይ ድገሙት። ይህን ስታደርጉ ችግሩ ብዙ ጊዜ እዚያው ይገለጥላችኋል፤ የማይደገም ከሆነም ጥፋቱ ከትእዛዙ ሳይሆን ከመረጃው መሆኑን ታውቃላችሁ። ከዚያም ማንም ምንም ሳይነካ በፊት ባክአፕ ይወሰድ፤ ከዚያው ዲስክ ላይ ሳይሆን ሌላ ቦታ።

ስለ ዲስክ ካነሳሁ፣ ሃርድ ዲስካችሁ «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ ካሰማ ያኔውኑ አጥፉት። ለጓደኛ ለማሰማት ብላችሁ ደግማችሁ አትክፈቱት፤ አንባቢው ክንድ የሚነካው መረጃችሁ የተጻፈበትን ገጽ ሊሆን ይችላል። ላስቲክ ውስጥ ከታችሁ ፍሪዘር አስገቡት የሚል መካሪም አይጠፋም፤ ምክሩ የቆየ ነው፣ በየአገሩ ይነገራል። ከቅዝቃዜ የወጣ ዲስክ እንደ ማንኛውም ቀዝቃዛ ብረት ያልበዋል፣ ላቡም ገጹ ላይ ያርፋል። ለመካሪው ሻይ ጋብዙት፤ ዲስኩን ግን አትስጡት።

አሁን ጥያቄያችሁን እቀበላለሁ። ማሽን ይዛችሁ የመጣችሁም ወደ ፊት ቅረቡ፤ ሶኬት ያለው በመስኮቱ በኩል ነው።